ስድሳ አምስት ቁጥር

ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣
ባቄላዬ አብጦ ከባልዲው ሲተርፍ፣
ክብሪት ጫርሁ።
ቢጫ።
ሰማያዊው የታል? ትናንት የነበረው፣
ድስቴን ከሥር ይዞ የሚያንጎራጉረው?
ጥቀርሻ ለበሰ የድስቴ ቂጥ ሁሉ፤
የሲኖትራክ ነጂዎች ሲነጋ ይመጣሉ፣
«ፉል በእንቁላል፣ ቶሎ!» ቆመው ይጮኻሉ።

ምድጃዬ ለወጉ አራት አፍ አለው፤
አንዱ ስገዛውም ዲዳ ነው፣ ልሳን የሌለበት፣
አንዱ ማዞሪያው ወልቆ በፒንሳ የሚከፈት፣
አንዱ ጠባብ፣ ሻይ ብቻ የሚጣድበት፤
ፉሉን የሚሸከም የግራው ነበረ፣
እሱን የወፍ በሽታ ይዞት ይኸው አደረ።

ሲሊንደሩን ጠረጠርሁ፣ አቅፌ አነሣሁ፤
ከባድ ነው፤ ሰኞ ለት አስሞልቻለሁ።
ቱቦውን ሳሙና ቀብቼ ጠበቅሁ፣
እንደ ሐኪም ጎንበስ ብዬ ትንፋሹን አዳመጥሁ፤
አንዲት አረፋ እንኳ ልትወጣ አልፈቀደችም፣
ጎሚኒው ጤነኛ፣ ሬጉሌተሩም።

ቶለሳ፣ ቧንቧ ሠሪው ጎረቤቴ፣ በነጠላ ጫማ፣
ካቻቢቴውን ይዞ መጣ በጨለማ፤
«ጂግለሩ ነው» አለ። ሲናገር አይጠራጠርም።
ፈታት። የበቆሎ ፍሬ የምታህል ነሐስ፣
መሐሏ ቀዳዳ፣ ለፀጉር እንኳ የምታንስ፣
ጎኗ ላይ ስድሳ አምስት ተብሎ ተቀርጿል።
«እህቷን ፈልጊ ምናለሽ ተራ» ይላል፣
«ብትበልጥ እሳቱ ይሰክራል፣ ብታንስ ይራባል።»

የዚያን ቀን ፉል የለም። ይቅርታ ለምኜ
ነጂዎቹን ሸኘሁ። እሷን እንደ ወተት ጥርስ
በመሐረብ ቋጥሬ፣
ሁለት ታክሲ፣ አንድ አውቶቡስ፣ የቀረውን በእግር፣
ብረት ከብረት ጋር የሚጨቃጨቅበት ሰፈር።

«ሞዴሉ ምንድን ነው?» አለኝ የመጀመሪያው።
ስሙን ጥቀርሻ በላው፤
ጭራ ያላት አንዲት የፈረንጅ ፊደል ናት የቀረችው።
ሁለተኛው ሳያይ «የለም» አለ።
ሦስተኛው ምድጃ ሙሉውን ሊሸጥልኝ ማለ፣ ተገዘተ።
ሙዘይን ግን፣ መነጽሩን በክር ያሰረው ሽማግሌ፣
የወተት ዱቄት ጣሳ አውጥቶ ጆንያ ላይ ዘረገፈው።
ስንት ማድ ቤት ነው እዚያ ላይ የወደቀው!
የፈረሰ ቤት እሳት፣
የተፋቱ ሰዎች እሳት፣
አሁን ሁሉም ጂግለር ሆኖ የሚንኮሻኮሽ፤
ሰባ፣ ሰባ ሁለት፣ ሃምሳ፣ ቁጥሩ የተፋቀ...
በጥፍሩ ለየ፣ ወደ ፀሐይ ያዘ፣ እፍ አለና፣
«ስድሳ አምስት። ዕድለኛ ነሽ። አራት መቶ።»
«ሁለት መቶ።»
«ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ከነምርቃቷ።»
ከፈልሁ። ቆሜ ምርቃቱን ጠበቅሁ፣
ትርፍ ጎሚኒ ነው መቼም የሚጨምርልኝ ብዬ፤
እሱ ግን ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ
«እሳትሽ አይጥፋ» አለኝ።
አሜን ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

ማታ ቶለሳ ገጠማት። ክብሪት።
ቢጫ።
ቶለሳ ካቻቢቴውን እንደ አዲስ ነገር አገላብጦ አየው።
ልጁ ሶሬቲ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣
ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ከሥር አሻቅባ፣
«እዚህ ቱቦ ውስጥ ነጭ ነገር ገብቷል» አለች።
የመጥረጊያ ስንጥር ሰጠናት፤
አሽከረከረች፣ ጎተተች፤
ጥጥ የመሰለ ድር፣ ከነባለቤቱ፤
ሽንብራ የማታህል ሸረሪት፣ ከነኩራቱ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ ሰምቻለሁ፤
ሳያብር፣ ብቻውን፣ እሳት እንደሚያስር
ዛሬ በሦስት መቶ ሃምሳ ብር ተማርሁ።

ክብሪት።
ሰማያዊ፤ ዝቅ ያለ፣ ጥርሱ ያልተሸረፈ።
ሶሬቲ እስረኛዋን በደብተር ቅጠል ይዛ
ደረጃውን ወረደች፣ ሣር ላይ ልትለቃት።
አሮጌዋ ጂግለር ግን፣ ጥፋት ያልተገኘባት፣
አሁንም መሐረቤ ውስጥ እንደታሰረች ናት።
ባቄላውን ዘፈዘፍሁ። ያንን ዲዳውን አፍ
ነገ በእሷ ልሞክረው ይሆን?
መጀመሪያ ግን በስንጥር።