አምስት ሲሞቱ ና

በዕቁብ ብር ገዛሁት። ላስቲኩን ገና ስልጥ፣
አንዲት ጥቁር ነጥብ፣ ከመስታወቱ ውስጥ።
ዝንብ መሰለችኝ፤ እሽ! ብዬ አባረርኩ፤
ሱቄ አሞራ ገደል ነው፣ የዓሣ ዝንብ ለመድኩ።
አቧራ መሰለችኝ፤ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩ፣
በትንፋሼ አርጥቤ ደግሜ ፈተግኩ።
አልተነቃነቀችም።

ሙዘይን፣ የሸጠኝ፣ አንገቱን አስግጎ
አያት፤ ደግሞ አያት፣ መነጽር አድርጎ።
«ሞታለች» አለኝ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሐኪም።
«ቀይርልኛ!»
«አንዷ ብቻ ሞታ? አይቀየርም።
ዋስትናው ላይ ተጽፏል፤ አምስት ካልሞሉ አይሆንም።
አምስት ሲሞቱ ና።»

የስልክ ጠጋኙ ተረፈ ግን፣ «ተኝታም ይሆናል» ብሎ፣
ጫን ጫን አደረጋት፣ ላጲስ በጨርቅ ጠቅልሎ።
ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ እያፈራረቀ
ሌሊቱን አበራባት፤ ሱቄ እንደ ሠርግ ቤት ደመቀ።
ነጋ።
እሷ እዚያው ናት።

ሥራዬ ጽሕፈት ነው። ቀብር ላይ የሚነበብ
አጭር የሕይወት ታሪክ፣ በአንድ ገጽ የሚሰበሰብ።
ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሰባት ላይ ይመጣሉ፣
ዓይናቸው አብጦ፣ «ቶሎ በልልን» ይላሉ።

ዛሬ የአቶ ዳንጊሶ ልጅ ናት።
ጽሑፉን ወደ ላይ ስገፋው፣ ነጥቧ ካለችበት አትሄድም፤
የትውልድ ቀበሌው ከሥሯ አለፈ፣
ትዳሩ አለፈ፣
አርባ ዓመት ሐይቁ ላይ ታንኳ የቀዘፈው አለፈ፣
ከልጆቹ ስም መሐል ስንደርስ ቆምኩ።
ልጅቱ ከትከሻዬ በላይ ስታነብ፣
«እሷን አጥፋልኝ» አለች፣ «ምን ያደርጋል እዚህ ነጥብ?
ገና አላለቀም። የታናሽ ወንድሜ ስም ቀርቷል።»

«ወረቀቱ ላይ አትወጣም» አልኳት። አላመነችም።
አተምኩላት። ገጹን ወደ በሩ ብርሃን አንስታ
ፈለገቻት፣ በጥፍሯ መስመር በመስመር ተከትላ።
የለችም።
መልሷን ሳትቀበል ሄደች።

ከዝናቡ ወዲህ ሌላ ሞተች፣ ከግራው ጥግ።
«ሦስት ቀሩ» አልኩ።
ለማንም አልነገርኩም፤ ማታ ማታ ሱቁን ዘግቼ
ነጭ ገጽ እከፍታለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ
ሟች እፈልጋለሁ። እንዲጨመርልኝ እየተመኘሁ።
ዛሬ ጠዋት፣ እውነቴን ነው፣ ሦስተኛዋን አየሁ፤
ከመሐል፣ ደህና ወፈር ያለች።
ለሙዘይን ልደውል ስልኬን አነሳሁ።

በረረች።