ንጋት ያላገኛት

ተከራዬ ኡርሚላ፣ ምሽት ሲሆን፣
ጫማዋን አውልቃ ትረግጣለች መሰላሉን፤
ከሮቶው አጠገብ፣ ሲሚንቶው ላይ ትወጣለች፣
ደብተር በጉልበቷ፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ትቀመጣለች።

መጀመሪያ ሰጋሁ፤
የሰው ግቢ ታያለች ተብዬ እንዳልታማ መሰላሉን ላነሳ ቃጣሁ።
ኋላ ነው የገባኝ፤ የሰው ግቢ አልነበረም ሐሳቧ፣
ጨረቃ ላይ ነበር ቀልቧ።

ባሏ ፓርኩ ውስጥ ከክር ማሽን ጋር ያድራል፤
የእሷ ወር በግድግዳ አይሰቀልም፣ ከአሞራ ገደል በላይ ይበቅላል፣
እንደ ጥፍር ቁራጭ ቀጥኖ።
ሲሞላ ደግሞ በስተጀርባዋ፣ ከወንዶ ገነት ጋራ ይወጣል፣ እንደ ሰፌድ ገንኖ።
አሥራ አምስቱን ስትሞላ፣ አሥራ አምስቱን ስትጎድል
ትጽፋለች፤ ከጋረዳትም ትጽፋለች፣ «ደመና» ብላ በጎን በኩል።

«ስልክሽ አይነግርሽም?»
«ይነግረኛል፤ እሱ የሚያውቀው የሱራትን ሰማይ ነው፣ የሐዋሳን አያውቅም።»

አሥራ አንደኛዋ ላይ ትጾማለች፤ ድንች በጨው ትቀምሳለች፣
«የሺ ቤን፣ ረቡዕሽ ለምን አይዞርም?» ብላ ታስቀኛለች፤
ቤን ማለት እህት ነው አሉ በሱራት።
ጳጉሜንን የነገርኳት ለት ደስ አላት።
«እናንተ ትርፉን በየዓመቱ ትበሉታላችሁ፤ እኛ እናስቀምጣለን፣
ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው አንድ ሙሉ ወር እናወጣለን።»
«እቁብ በይኛ!» አልኳት፤ አባቴ ትዝ አለኝ፣
አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመር ሠላሳ ነው እያለ ጣቴን ይዞ ያስቆጠረኝ፣
አንዲት እንኳ አትጎድልም ያለኝ።

ቡሪሶ ዘበኛችን፣ አያቱ አያንቶ የነበረ፣
ከበሩ ሆኖ ሰማ፤ አሳለ እንጂ አልተናገረ፤
ሲነጋ ነው፣ ሣር እያጨደ፣ «የፍቼን ቀን» ያለኝ፣
«ከኮከብ ጋር አስተያይቶ የሚያወጣት ማን መሰለሽ?» ብሎ የተቆጣኝ።

የጨረቃ ቀን ስሟ ቲቲ ነው።
የጎረቤቴ ልጅ ስም ነው፤ ሳቅሁ።

በኅዳር፣ መብራት በሄደበት ምሽት፣
ደብተሯን አቀበለችኝ፣ ሻማ ይዤላት።
ስምንት። ከሥሩ አሥር።
«ዘለልሽ» አልኳት፣ «ዘጠኝን ረሳሽ።»

እጇን አወዛወዘች። በምታውቃት አማርኛ አስረዳችኝ፤
ቀን ቁጥር የሚያገኘው ፀሐይ ስትወጣ ከተገኘ ነው።
አንዳንዷ ቲቲ ታዲያ ፀሐይ ከወጣች ወዲያ ትጀምራለች፣
የሚቀጥለው ንጋት ሳይደርስ ታልቃለች።
«እሷ አለ» አለችኝ። «ቁጥር የለም።»

ሮቶው ይንጠባጠባል።
ከታች ባጃጅ አለፈ።

አዳሬ ሆስፒታል፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ።
ረፋድ ሦስት ሰዓት ላይ መጣች፤ ጸጉሯ እርጥብ፣ ጥፍሯ ረጅም።
ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነርሷ አንሶላውን አጠፈች።
የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ነው፤
ሰማንያው ቀርቶ አንድ ንጋት አላገኛትም።
ስም አላወጣንላትም። ባሌ ዳግም አላነሳትም፣
እኔም። ስንት ወለድሽ ሲሉኝ
«ሁለት» እላለሁ፤ ሁለት ናቸው፤
የመጀመሪያውና ሦስተኛዋ።

«ምልክት አታደርጊባትም?» አልኳት ኡርሚላን።
ለምን አላለችኝም። እስክሪብቶውን ሰጠችኝ።
በስምንትና በአሥር መካከል፣ ጠባብ ናት ቦታዋ፣
ነጥብ አደረግሁ። ቀለሙ አልወጣም።
መዳፌ ላይ ጫር ጫር አደረግሁት፤
ደግሜ ነጠብኩ።

ጨረቃ ከራሳችን በላይ ነበረች፣ ከግማሽ አለፍ ብላ፣
ለማንም ብላ ሳይሆን።
ኋላ መብራት መጣ፤ የሰፈሩ ልጆች ጮኹ፤
ቡሪሶ ከታች
«ሻማውን አጥፉ፣ አይባክን» አለን።