የሰው እጅ

ጥቁር ሐር ለብሶ ቆሟል፣ ጨው ነጋዴው ጌታ፣
ኢስብራንት፣ ግንባሩ ላይ የሃርለም ብርሃን ተኝታ።
ፊቱን ሁለት ቀን ሰጥቶ፣ ሌላው ቀረ በይደር፣
መርከቡ ተጭኖ ወደብ ላይ ሲያድር።
ሰዓሊው ምን ያድርግ? ጠርቶ ጎረቤቱን፣
ዳቦ ጋጋሪውን፣
«ና እስቲ ቁም» አለው፣ «አበድረኝ እጅህን።»
ዱቄቱን አራግፎ፣ ጨበጠ ጓንቱን።

መበለቲቱ ማክቴልት፣ ሻማ ይዛ ማታ፣
ታየዋለች፤ ፊቱ ያው ነው፤ ያው ኩራት፣ ያው ዝምታ።
እጁ ላይ ስትደርስ ግን፦
ጥፍሩ ሥር ነጭ ሊጥ፣ አውራ ጣቱ ላይ የምድጃ ጠባሳ፤
ባሏ እጅ ነበረው እንዴ? ወይስ ረስታ ነው እሷ?

ከዚያ ወዲህ ለዳቦ ገረዷን አትልክም፤
ራሷ ትሄዳለች፤
ሳንቲም ስትቆጥር ግን፣ ቶሎ አትጨርስም።