ሐረግ

ከአምባሳደር ጀርባ፣ ከመዛግብቱ ቤት፣
ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ መብራት በጠፋበት፣
አቶ እንግዳሸት አንድ ብራና አዝለው
መጡ፤ ባሮጌ ጋዜጣ፣ በላስቲክ ጠቅልለው።

«ማኅተም ብቻ» አሉኝ፣ «ማኅተም ነው የጎደለው፤
ከእኔ ጀምረህ ውረድ፣ ውጣ ነው የሚባለው፣
ጫፉ ኢየሩሳሌም ነው የሚያደርሰው።»

ቆጠርኩ።
ሰባት ቤት ድረስ፣ በቢክ የተጨመሩት፣ ሰው ናቸው፤
አንዱን ፈንጣጣ ጨርሶት፣ አንዱን ሚስት ፈታችው።
ከስምንት ወዲያ ግን ማንም አይታመምም፣
መቶ ዓመት ነግሦ አንዴም አያስልም።
አንዱ ዘንዶ ገድሏል፣
አንዱ አባቱን በልደት ሦስት ዓመት ቀድሞታል።

የስልኬን መብራት አጋደምኩ።
ከቀዩ ቀለም ሥር የተፋቀ ስም አለ፣
የሴት ይመስላል፤ «ወለተ» ብሎ ዝም አለ፤
በተፋቀው ቦታ ንጉሥ ተተከለ።
ዙሪያውን ሐረግ ነው፣ ቢጫና አረንጓዴ፤
ያምራል። ሥር የለውም ሐረግ አንዳንዴ።

ከግርጌው በስተቀኝ፣ ጉንዳን በሚያክል ጽሕፈት፣
ማንም ሊፍቀው ያልደከመ ሌላ ነገር አለበት፦
«ዘንድሮ አንበጣ መጣ። ብራናው የጥቁሯ ፍየል ነው።
የድካሜን ግማሽ አልከፈሉኝም።»

«እውነቱ የቱ ነው?» አሉኝ እንግዳሸት።
ጣቴን ወስጄ ፍየሏ ላይ አኖርኩት።

ከታች ወያላው «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል።
ብራናውን አላነሱም።
ዝም ብለው ቆዩና ኪሳቸውን ዳበሱ፤
«ለሰውዬው» አሉኝ፣ «ስንት ነበር የቀረው?»