ቁልቁለት በነፃ

ሐሙስ ማታ ራዲዮኑ የቤንዚን ዋጋ ሊናገር ሲል፣
ኔሊዳ ትዘጋዋለች፤ «ያልሰሙት አይጨምርም» ትላለች፣ ቀልድ መሰል።
ዓርብ ግን ማደያው አለ። ልጁ መሰላሉን ረግጦ፣
ያንኑ ስድስት ቁጥር ከሰሌዳው ነቅሎ፣ ገልብጦ፣
ዘጠኝ አድርጎ ሲሰቅለው፣
አዲስ ቆርቆሮ እንኳ አላወጡበት፤ ወጪው የኔ ብቻ ነው።

ቫልፓራይሶ ዳገት ናት፤ ፈጣሪ ደብዳቤ ጀምሮ፣
ያላማረውን ወረቀት ጨምድዶ፣ ባሕር ዳር የጣለው ወርውሮ።
በዚያ ጭምድድ መሐል ሃያ ሁለት ዓመት ነዳሁ፣
ከወደቡ እስከ ጫፍ ድረስ አራት አራት ሰው እያወጣሁ።
ዳገቱ ይጠጣል። መርፌዋ ዓይኔ እያየ ትወርዳለች፣
ኦቲሊያ ከነድንቿ ስትገባ መኪናዬ ታቃስታለች።
ታሪፍ ልጨምር ብዬ በመስታወቱ ኋላዬን ሳይ፣
የጫንኩት ሁሉ የኔ ቢጤ፣ ኪሱ ከኪሴ የማይለይ።

ሌሎቹ መላ አላቸው። አንዱ ትርፍ ጎማውን ከነክሪኩ ቤት ጥሎ፣
«ክብደት ነው» ይላል፤ አንዱ መስኮት ዘግቶ በላብ ይጠበሳል፣ ነፋስ ያስከፍላል ብሎ።
ፋቢያን ሌሊት ነው የሚሞላው፤ ቤንዚን ሲቀዘቅዝ ይወፍራል አሉት፣
ብርድ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ ትርፉን ለጉንፋን ኪኒን ከፈላት።

እኔ ደግሞ ስመለስ አጠፋታለሁ።
ከዳቦ ቤቱ ጥግ፣ መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን ግማሽ፣ ማርሹን ነፃ፣
ቁልቁለትን ገና ማንም አልተመነውም፤ እሱ እስካሁን በነፃ።
ጎማው ከጥርብ ድንጋዩ ጋር ሲንሾካሾክ እየሰማን፣
እንደ ሌባ እንወርዳለን፣ ውሾች እንኳ ሳይነቁብን።

መካኒኩ አልሲዴስ የፍሬኑን ሸራ በጣቱ አሻሽቶ፣
«የቆጡን አወርድ ስትል...» ብሎ ተወው፤ የቀረውን ነገረኝ በደረሰኝ ሞልቶ።
ከፈልኩ። በማግስቱም አጠፋሁ። ቁጠባ አይደለም፤ ሱስ ሆኖብኝ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሞተር ብቻ ሲጮኽብኝ፣
ሰው ከኋላዬ እንደሚተነፍስ አላውቅም ነበር ለካ፤
ዘበኛው ሮሄሊዮ ያንጎላጃል፣ ጥርሱ እርስ በርሱ ሲነካካ።
ኦቲሊያ ባዶ ዘንቢሏን አቅፋ የምትገዛውን ትቆጥራለች፤
«ዘይት... ይቅር። ስኳር... ይቅር።»
ታች ስንደርስ ከዝርዝሩ ድንች ብቻ ይዛ ትወርዳለች።

አንድ ማታ፣ ማክሰኞ ይመስለኛል፣ ባሕሩ ጭጋግ ሲተፋ፣
አንዲት ልጅ ብቻ ጭኜ፣ ሞተሩ እንደ ልማዱ ሲጠፋ፣
የፋርማሲ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ቦርሳዋን በጉልበቷ የያዘች፣
አፏን በእጅጌዋ አፍና ታለቅስ ነበር። ተሰማች።
ትንፋሿ ቀጥ አለ። ገባኝ፤ በጩኸቱ ተማምና፣
ሞተሩን ጣሪያዬ ብላ ነበር፤ እኔ ገፈፍኩባት፣ ሳንቲም ቆጣሪ ነኝና።

ቁልፉን መለስኩ።
ማርሽ አስገባሁ፣ ነዳጅ ረገጥኩ፣ በቁልቁለት፣ ያለ ምክንያት፣
አሮጊቷ መኪና አጓራች፤ ልጅቷም ጀመረች እንደገና፣ ከልቧ፣ በነፃነት።
መውረጃዋን አልጠየቅኳት፤ ወደቡን ሁለቴ ዞርኩ፣
ክሬኖቹ መብራታቸውን አብርተው ቆመዋል፤ መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዞርኩ።
ስትወርድ ሂሳቧን ሰጠችኝ፣ ልክ ታሪፉን፣ ሳንቲም በሳንቲም፤
ተቀበልኩ። አልቀበልም ማለት ያሳፍራታል፤ ሌላ አልተባባልንም።

ሐሙስ ማታ ኔሊዳ ደብተሯን ዘርግታ ስትደምር፣ ስትቀንስ፣
«አንድ ሊትር ጎደለ» አለች፣ እርሳሷን በጥርሷ ስትነክስ።
ራዲዮኑ ዝግ ነው።
«ዳገቱ» አልኳት፣ «ዳገቱ ጠጣው።»