ሰባ ሁለት ሰዓት

ሮብሌ ነው ያመጣው፣ ከጅቡቲ ጭኖ፣
ቢጫ ጀሪካን ነው፣ በጆንያ ተሸፍኖ፤
"ኬላ ላይ አስቆሙኝ፤ ምንድነው ሲሉኝ
ባሕር ነው አልኳቸው፤ ሳቁና ለቀቁኝ።"

ባሕር ነው፣ እውነትም። ጠብታውን አንስቶ
በአጉሊ መነፅር ላየው ሰው ተግቶ፣
ከአሸዋ ያነሱ፣ ፀሐይ የሚበሉ
አረንጓዴ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ።
ዋቅላሚ ይላቸዋል የትምህርት መጽሐፉ፤
እንግዶቼ እላለሁ፣ ከጉዞ ሲያርፉ።

"ምን ባሕር አስኬደሽ?" አሉኝ ጋሽ መክብብ።
"የጉድጓዳችን ውሃ ጨው አለበት" አልኳቸው፤
"የወንዙን ባመጣ ጨው ነው የሚገድላቸው።
ያኔ ገዳዩ ማነው? ጨው ነው ወይስ እርሳስ?
ዚንክ ነው? ካድሚየም? ነገር ቢተረማመስ
ፍርድ ይበላሻል።
ጨው የማይገርመው ምስክር ነው የምፈልግ፣
ጨው ውስጥ ተወልዶ ጨው ውስጥ የሚያድግ።"

ደቻቱ እንደሆነ ባሕር አይደርስም፤
ክረምት ያገሳና፣ ደለል ይገፋና፣
ከከተማ ሲወጣ አሸዋ ይጠጣዋል።
ስንት ዘመን ሙሉ መንገድ ላይ ሲቀር
ዘንድሮ መጣለት፣ በባቡር፣ ባሕር።

ስድስት ብልቃጥ ደረደርኩ፣ አፋቸውን በጥጥ ወተፍኩ።
አንደኛው ምንም አልነካውም፤
የቀሩትን ከየሰፈሩ ቀድቼ
ስማቸውን በቁጥር ሸፈንኩ፣ እጄ እንዳያደላ ፈርቼ።

ድሬ ደግሞ ድሬ ናት፤ ሙቀቷ አይለመንም።
መብራት በሄደ ቁጥር
የአባቴን አሮጌ ሽርጥ ውሃ ነክሬ አለብሳቸዋለሁ፤
ከዝራ በጥላዋ ተኝታ
እኔ ብልቃጥ እወዘውዛለሁ።
ከዚያ መቁጠር ነው፤ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣
አውራ ጣት መቁጠሪያው ላይ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

በአንደኛው ቀን ሁሉም እኩል ናቸው።
በሁለተኛው ቁጥር አራት ዘገየ።
"ድካም ነው" አልኩ፤ እንደገና ቆጠርኩ።
በሦስተኛው ንጋት
አንደኛው ብልቃጥ ለምልሟል፣ እንደ ማለዳ ጫት፤
አራተኛው ታጥቦ ታጥቦ እንደ ነጣ ሻሽ፣
ነፍሳቱ ጅራታቸውን ጥለው፣ አብጠው፣ ተጣብቀው
እታች ተቀምጠዋል።

ሙያው ሙሉ ሞት አይጠይቅም፤
እድገት በግማሽ የሚቆምበትን መጠን ነው የሚፈልገው።
ቁጥር አራት ከግማሽ አልፎ ወርዷል።

ደብተሬን ገለጥኩ፣ ቁጥሩን ከስሙ ላገናኝ።
ቁጥር አራት፦ የእኛ ግቢ።

አባቴ ለምድር ባቡር ሠላሳ ዓመት የባትሪ ሠራተኛ፤
የተሰጠው ምስክር ወረቀት ግድግዳው ላይ፣
ያልተሰጠው እርሳስ ከግሽጣው ሥር፤
"አንድ ቀን ይሸጣል" ብሎ የቀበረው፣
እኔ ገና ፊደል ስቆጥር።

በምን ቋንቋ ልንገረው?
በአማርኛ ይቆጣል፣ በኦሮምኛ ይቀልዳል፣
በሱማሌኛ ምሳሌ ያመጣል፣
በባቡሩ ፈረንሳይኛ "ሳ ቫ፣ ሳ ቫ" ብሎ ያልፈዋል።
በቁጥር ነገርኩት።

ደጃፉ ላይ ነበር፣ የቆርቆሮ ኩባያ ይዞ።
አልተቆጣም። ኩባያውን አየው፣
ወደ ጉድጓዱ አየ፣ ገመዱን፣ ባልዲውን፤
ውሃውን መሬት ላይ ሊደፋ አለና እጁን መለሰ፣
የት እንደሚደፋው ጠፋው።

ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣
"ለግሽጣውስ?" አለኝ።

አልመለስኩለትም።
መብራት ሄዷል፤ አንደኛው ብልቃጥ ገና በሕይወት ነው፤
ወደ ቢሮ ተመልሼ ልወዝውዘው።