አምስት ሰዓት ሁለቴ ሲመታ

ቫልፓራይሶ ወደብ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ ጨው ለብሶ ባሕሩ በከፊል ሲታይ፣
ገና የሁለት ሳምንት ሠራተኛ ሳለሁ፣
ኤደልሚራን ጠየቅኳት፦ «ምን ባነብ እበስላለሁ?»

ዝርዝር ፈልጌ ነው። ደብተሬን ከፍቼ፣
እርሳሴን ቀርጬ፣ ጆሮዬን አቅንቼ።
እሷ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣
«ያ ወፍራሙ» አለች፣ «ጠረጴዛ የሚያስተካክል፣
መልካም መጽሐፍ ነው፤ እግሩ ሲጠገን ታነበዋለህ።
አሁን ሊሳንድሮን አንብብ፤ ኮዱ ውስጥ ታገኘዋለህ።»

ሊሳንድሮ፣ ጡረታ ከወጣ አሥራ አንድ ዓመት ያለፈው፣
የክሬኖቹን ተራ የሚያወጣውን ፕሮግራም የጻፈው።
አርባ ሺህ መስመር። ዳዊት እንደሚደግም ሰው በማለዳ ተነሥቼ፣
አነበብኩ፣ ጣቴን ከመስመር መስመር ጎትቼ።
ግማሹ አልገባኝም። የገባኝም አልጣመኝ።
አንድ ቦታ ላይ ግን ማስታወሻው አስገረመኝ፦

«ይህችን መስመር አትንካ።
እኔ ነክቼ አይቻለሁ።»

ቀን የለው፣ ምክንያት የለው። ሽማግሌ ምን ያውቃል?
እኔ ያነበብኩት መጽሐፍ «ጥቅሙ ያልታወቀ ይፋቃል»
ይል ነበር፤ ወይም እንደዚያ የሚል መሰለኝ።
ሰረዝኳት። ፕሮግራሙ ፈተናውን ሁሉ አለፈ። ማንም ምንም አላለኝ።

መኸር ገባ። ወይን የጫኑ መኪኖች በወደቡ ተኮልኩለው፣
አገሩ ሰዓት የሚቀይርበት ቅዳሜ ሌሊት ነው፣
ስድስት ሊል ሲል ሰዓቱ ወደ አምስት ዞረ፤
አምስት ሰዓት ሁለቴ መታ። አራተኛው ክሬን ተገተረ።
አምስተኛውም።
ስድስተኛውም።
ክንዳቸውን እንደዘረጉ ሰማይ ላይ ቀሩ፤
ያለፈው ሰዓት ተመልሶ መጥቶባቸው ተደናገሩ።

ስልኬ ጮኸ። በካልሲ ነው የሮጥኩት፣
ደረጃ ለደረጃ፤ የኮረብታውን ሊፍት ተዘግቶ አገኘሁት።
ኤደልሚራ ቀድማኛለች። አልተቆጣችም። የስህተቱን መልእክት ገልጣ፣
«እስከ መጨረሻው አንብበው» አለች፣ ከጎኔ ቁጢጥ ብላ ተቀምጣ።
እኔ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነበር የማየው።
መልሱ ከታች፣ ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ነበር፣ ዝቅ ላለ ሰው።

ሲነጋጋ፣ ከክሬን ነጂዎቹ ክፍል፣ ከጃኬት መስቀያው ሥር፣
ዘይት የጠጣ መዝገብ አመጣች፣ ገጹ እንደ ቆዳ የሚደድር።
ኤሌውቴሪዮ የሚባል ነጂ፣ ፊደሉ ወደ ግራ ያዘመመ፣
ከሃያ ዓመት በፊት፣ በዚያችው ሌሊት፣ እንዲህ ብሎ አተመ፦

«ሰዓቱ ሲደገም ማሽኑ ይደነግጣል።
በእጅ ጫንን። መዳፌ ደማ።
ለኮምፒውተር ቤቱ ልጅ ነግሬዋለሁ።»

የኮምፒውተር ቤቱ ልጅ ሊሳንድሮ ነበር።
ለካ የዚያች መስመር አንድምታ ኮዱ ውስጥ አልነበረም፤
ክሬን ነጂ ነው የጻፈው፤ እኛ ጋ ማንም አላነበበውም።
መስመሯን መለስኳት። ከበላይዋ አራት ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ፦
ሰዓቱን፣ ወይኑን፣ የኤሌውቴሪዮን መዳፍ። የኔንም ጥፋት አልደበቅኩ።

ትናንት ሮሳልባ መጣች፣ አዲሷ ልጅ፣ ደብተሯን ዘርግታ።
«ምን ላንብብ?» አለች፣ እርሳሷን ጠረጴዛዬ ላይ አኑራ፣ ፈርታ።
ስም ልጠራላት ነበር። ጥሩ ጥሩ መጻሕፍት አሉ፤ አልዋሽም፤
አንዳንዱን ሁለቴ አንብቤያለሁ፣ አንዳንዱን ጀምሬ አልጨረስኩም።
ግን ጎንበስ አልኩና ከጠረጴዛው እግር ሥር
ያን ወፍራሙን ሳብኩት። ኤደልሚራ ትታልኝ የሄደችው ነበር።
ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣ ያረጀ የአውቶቡስ ትኬት፤
ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ጣት አላረፈበት።
በኅዳጉም በእርሳስ፣ ልጅ ሳለች የጻፈችው፦

«እዚህ ጋ የተሳሳተ ይመስለኛል።
ነገ ሊሳንድሮን ልጠይቀው።»

ጠረጴዛው ዘመመ። እርሳሱ ተንከባሎ ወለል ላይ ወደቀ።
ሮሳልባ አልሰማችም።
እያነበበች ነበር።